በሕግ አምላክ የተያዘው ኮምፒውተር

ተቆጪ ናት ይሉኛል። ልክ ናቸው። እስኪ እናንተም ከጥር እስከ ሰኔ፣ በየማለዳው፣ አንድ ኮምፒውተር እስኪነቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ በሉና ከዚያ በኋላ ሳቂታ ሆናችሁ ከተገኛችሁ እኔ ያምሮት አይደለሁም።

የምሠራው ከማንኩሳ ወደ ገጠሩ ገባ ባለ የመሬት ጽሕፈት ቤት ነው። ስሙን አልጠራውም፤ እንጀራዬ እዚያው ነው። ጸሐፊዋም እኔ፣ መዝገብ ቤቷም እኔ፤ ኮምፒውተሩም በስሜ የተመዘገበ ንብረት ነው። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ አንድ ለአምስት ተደራጁ፣ ተገማገሙ፣ አገልግሎት አቀላጥፉ በሚባልበት ጊዜ።

መብራት እኛ ጋ ገና አልገባም ነበር። ያለን ጀነሬተር ነው። ለጀነሬተሩ በቀን የተፈቀደለት አንድ ሊትር ቤንዚን ነው። ዘበኛችን ጋሼ ወልደ ዮሐንስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሃይላንድ ለክተው ያጠጡታል፤ አራት ሰዓት ሲሆን አንዴ ያስነጥስና ጸጥ ይላል። ስድሳ ደቂቃ፣ በቃ። አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ ስድሳ አንድ አላለም።

ኮምፒውተሩስ? ማሽኑ ራሱ ለመነሣት ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጅበት፤ ለምን እዋሻለሁ። ጉዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቢሮው ውስጥ ወንበር ያገኘ ሁሉ «የእኔም ነገር ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ ይነሣ» እያለ፣ ባለሙያ እያስጠራ፣ የየራሱን አስገብቶበታል። መጀመሪያ የሚመጣው የማሚቱ ነው። ማሚቱ የሴቶች ጉዳይ ናት፤ አበባና ቢራቢሮ ያለበት «እንኳን ደህና መጡ» አላት፤ ቢራቢሮዋ ስትዞር ስትዞር አበባው ላይ እስክታርፍ ሦስት ደቂቃ። ቀጥሎ የኃላፊያችን የቴዎድሮስ ንግግር፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ። ርእሱ «ቀልጣፋ አገልግሎት» ነው። ሞት ይርሳኝ፣ ቴዎድሮስን ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው፤ እዚህ ግን ተናድጃለሁና አንተ እያልኩ ልጨርስ። ከእሱ ቀጥሎ የደንበኛ መብትና ግዴታ ራሱን በራሱ እየገለጠ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ደግሞ የግብርና ባለሙያው የመልካሙ ፎቶዎች ናቸው። በአርሶ አደሮች በዓል ያነሣቸው ስድሳ ፎቶዎች፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ፤ ሠላሳ ደቂቃ። መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ጠግቦ ከተነሣ በኋላ፣ የመሬት መዝገቡ ይመጣል። እሱ ለመከፈት አሥር ደቂቃ ይፈልጋል፤ የአራት ሺህ አባወራ መሬት ተሸክሞ ምን ያድርግ።

ደምሩት። ስድሳ ሁለት ይመጣል። ጀነሬተሩ ስድሳ ነው።

«አንዱን ዝለዪዋ!» ትሉኝ ይሆናል። ባለሙያው ሲያስገባው ቆልፎት ነው የሄደው። ንክች ካደረግሁት ተመልሶ ከቢራቢሮዋ ይጀምራል። ስለዚህ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ፎቶዎቹ ሲመጡማ ጀርባዬን ሰጥቼ ሹራብ እሠራለሁ፤ በስድስት ወር አራት ሹራብ ጨርሻለሁ። ወረቀት ግን አንድም አላወጣንም። የቴዎድሮስ ሪፖርት «ኮምፒውተሩ በየቀኑ ሥራ ይጀምራል» ይላል። ውሸት አይደለም፤ ይጀምራል።

እትዬ አልጣሽ የመጡት ሰኔ እንደገባ ነው። ባላቸው አቶ ይርሳው ባለፈው ዓመት ነው ያረፉት። ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው የሟቹ ወንድም ዘሩ የወንዝ ዳሩን ሦስት ቃዳ፣ ሄክታር የማይሞላ መሬት «የአባቴ ነው፣ ለእኔ ነው የሚገባው» ብሎ በሬውን አስገባበት። እትዬ አልጣሽ ከሰሱ። ችግሩ፣ የመሬት ደብተራቸውን አይጥ በልቶታል፤ የተረፈው ሽፋኑ ብቻ ነው። ፍኖተ ሰላም ያለው ፍርድ ቤት ደግሞ ከመዝገብ ተገልብጦ ማኅተም የተመታበት ማስረጃ እስከ ዓርብ ስምንት ሰዓት እንዲያቀርቡ ቀጠሮ ሰጣቸው። ካላቀረቡ መዝገቡ ይዘጋል፣ መሬቱም ለዘሩ ይቀራል። ሴትዮዋ ሌላ መሬት የላቸውም፤ ሦስት ልጆች አሉባቸው።

ከቤታቸው እኛ ቢሮ ድረስ ሁለት ሰዓት በእግር ነው። በየቀኑ መጡ። «ደንበኛ ወደ ውስጥ አይገባም» ስለሚባል ደጅ፣ ጀነሬተሩ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። በመስኮት የሚሰማቸው የቴዎድሮስ ንግግር ብቻ ነው፤ በቃላቸው ይዘውታል። ጀነሬተሩ ሲያስነጥስ ብድግ ይሉና መስኮቱን ያንኳኳሉ።

«ዛሬስ እታለም?»

«ሁለት ደቂቃ ጎደለን እትዬ።»

«ሁለት ደቂቃ?»

«ሁለት ደቂቃ።»

«እኔ አሮጊቷ ሁለት ሰዓት ስሄድ፣ እሱ ሁለት ደቂቃ አቃተው?»

አንድ ቀን ከማንኩሳ ቤንዚን በጠርሙስ ይዘው መጡ። ጋሼ ወልደ ዮሐንስ ሊቀበሏቸው እጃቸውን ሲዘረጉ ቴዎድሮስ ደረሰ። «ይኸ እኮ ሙስና ነው! ከደንበኛ ቤንዚን ተቀብለን ደንበኛ ልናገለግል ነው?» ብሎ ከነጠርሙሳቸው መለሳቸው። የሰው ዓይን ሲያዩ እንዴት እንዳፈሩ! እኔን ይድፋኝ።

ሰኞ ለት በገዛ ሥልጣኔ ቡሬ ስልክ ደወልኩና ዓለምብርሃን የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ አስመጣሁ። ዓለምብርሃን ገባ፣ ጀነሬተሩ ተነሣ፣ አሥር ደቂቃ እንኳ አላየውም።

«እህቴ፣ ይኸ ማሽን ጤነኛ ነው። የሚያዘገየው አብሮት የሚነሣው ጭፍራ ነው። ጭፍራውን ላስቀርልሽና በሁለት ደቂቃ ይነሣልሽ።»

«በል እንጂ አስቀርልኝ! ምን ትጠብቃለህ?»

«የተፈረመ ቃለ ጉባኤ አምጪ። ባለፈው አንድ ቦታ ያለ ደብዳቤ የኃላፊ ፎቶ ከኮምፒውተር አጥፍቼ ስድስት ወር ለጥያቄ ነው የተመላለስኩት።»

ቴዎድሮስ ጋ ሮጥኩ። ነገሩን ስነግረው ደስ አለው፤ እሱ ግምገማ ሲባል ፊቱ ይበራል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ግምገማ ተጠራ።

«የዛሬው ተገምጋሚ ኮምፒውተሩ ነው» አለ፣ «ይቅረብ።»

ተሸክሜ አቀረብኩት። ወንበር ላይ፣ ፊቱን ወደ ቤቱ አድርጌ አስቀመጥኩት። እኛ በክብ ተቀመጥን።

«መጀመሪያ ግለ ሂስ ያድርግ።»

ኮምፒውተሩ ዝም። እኛም ዝም። ማሚቱ እንደ ማዘን ብላ አንገቷን ደፋች። ጥቂት ከተጠበቀ በኋላ ቴዎድሮስ «ዝም ማለት ጥፋትን መቀበል ነው፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ያዢው» አለኝ። ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ፣ ያዝኩት።

ከዚያ ከኮምፒውተሩ ላይ ማን ይነሣ፣ ማን ይቆይ ወደሚለው ተገባ። ማሚቱ «የእኔ ቢራቢሮ ተነሣች ማለት ሴቶች ተነሡ ማለት ነው፤ ይኸን የሚል ካለ እጁን ያውጣ» አለች። ማንም አላወጣም። መልካሙ ደግሞ ከመቀመጫው ተነሥቶ «የእኔ የአርሶ አደሩ ነው። ማነው አርሶ አደሩን ከኮምፒውተር ላይ የሚያፈናቅል?» ሲል ሁሉም ወለል ወለሉን አየ። የደንበኛ መብትና ግዴታ ይነሣ ለማለት አፌን ስከፍት «የደንበኛ መብት ልትነኪ ነው?» ተባልኩ። የቴዎድሮስን ንግግር ያነሣ ሰው አልነበረም። እሱ ራሱ ነው «አስፈላጊ ከሆነ አሥራ አምስት ደቂቃ ማድረግ ይቻላል» ያለው።

እዚህ ላይ «ኧረ እናንተ ሰዎች! አንዲት ባልቴት ዓርብ መሬቷን ልታጣ ነው፣ እናንተ ስለ ቢራቢሮ ታወራላችሁ?» ብዬ ጮኽኩ።

«ስሜታዊነት» አለ ቴዎድሮስ፣ «ያዢው።»

የራሴን ጥፋት በራሴ እጅ ጻፍኩ።

መጨረሻ ላይ መልካሙ መላ አመጣ። «ባለቤት የሌለው የትኛው ነው? እሱ ይነሣ።» ዝርዝሩ ተነበበ። ሁሉም ባለቤት አለው። አንዱ ብቻ የለውም፤ የመሬት መዝገቡ። ለአራት ሺህ አባወራ መዝገብ አንድ ጠበቃ ጠፋ! እጅ ይውጣ ተባለ፣ ወጣ፤ የእኔ እጅ እስክሪብቶ ስለያዘ ድምፅ እንደሰጠ ተቆጠረ። የመሬት መዝገቡ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ እንዳይነሣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ሐሙስ ዓለምብርሃን ቃለ ጉባኤውን ሁለቴ አነበበ፣ እኔን አየኝ፣ ማኅተሙን አየ፣ የታዘዘውን አደረገ። ኮምፒውተሩ በሃምሳ ሁለት ደቂቃ ተነሣ። ቴዎድሮስ አጨበጨበ፤ «አሥር ደቂቃ ተሻሽሏል» የሚል ሪፖርት እዚያው አጻፈኝ። እኔ ደግሞ የመሬት መዝገቡን ለመክፈት በእጄ ተጫንኩት። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈልገው። ሃምሳ ሁለትና አሥር ስንት ነው? እስኪ ንገሩኝ! ጀነሬተሩ አስነጠሰ፤ እትዬ አልጣሽ መስኮቱን አንኳኩ።

ዓርብ ደረሰ። ሦስት ሰዓት ላይ ጀነሬተሩ ተነሣ። ያን ቀን ሹራብ አልያዝኩም። ቢራቢሮዋ አረፈች፣ ቴዎድሮስ ተናገረ፣ መብትና ግዴታው ተገለጠ፣ ፎቶዎቹ ከኋላዬ አለፉ። ልክ በሃምሳ ሁለት ደቂቃ መዝገቡን ተጫንኩት። አረንጓዴው መስመር መሳብ ጀመረ። ሃምሳ ስድስት። ሃምሳ ስምንት። «ኧረ በናትህ፣ ኧረ በሞቴ» እያልኩ ስክሪኑን ደባበስኩት። መስመሩ ከጫፍ ሊደርስ ጣት ሲቀረው ደጅ አስነጠሰ። ስክሪኑ ጠቆረ። አልዋሽም፣ አለቀስኩ።

መስኮቱ አልተንኳኳም። በሩ ተከፈተና እትዬ አልጣሽ ገቡ።

«ማሽኑ የታለ?»

«ይኸው።»

«ይኸ ነው?» ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይኸ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ?»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ጫፏን በስክሪኑ አንገት አዙረው ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት። ሌላውን ጫፍ በገዛ ወገባቸው ላይ አሰሩት። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙና ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፦

«በሕግ አምላክ! ማስረጃዬን በሆድህ ይዘህ ከልክለኸኛል። ቁራኛዬ ነህ! ዳኛ ፊት እንሂድ!»

ዱሮ አያቶቻችን ሲካሰሱ እንዲህ ነበር የሚሄዱት፤ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው። ዳኛ ሳይፈርድ አይፈታም። «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ደግሞ እግሩን ማንሣት ነውር ነው። ይኸን ሁሉ አያቴ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ኮምፒውተር ሲቆራኝ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቴዎድሮስ ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ መጣ። «እትዬ! የመንግሥት ንብረት ነው፣ አሁኑኑ ይፍቱት!»

«አንቱንም በሕግ አምላክ!»

ሰውዬው አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ደጅ ሆኖ ክው ብሎ ቀረ። የገበሬ ልጅ ነው፤ ዲፕሎማው ምንም አልረዳውም። «ያምሮት፣ በስምሽ ነው... ቢጠፋ አንቺን ነው የምጠይቅ...» አለኝ።

«እንግዲያው አብሬው ልሂድ» አልኩ። ንብረቱ አሳስቦኝ እንዳይመስላችሁ። ደስ ስላለኝ ነው።

እትዬ አልጣሽ ስክሪኑን አቀፉ፣ እኔ ሌላውን ተሸከምኩ። በር ላይ ጋሼ ወልደ ዮሐንስ ዱላቸውን አጋደሙብን። እሳቸው መውጫ ወረቀት ሳያዩ እንኳን ኮምፒውተር መጥረጊያ አያሳልፉም።

«የንብረት መውጫ?»

«የለንም ጋሼ።»

ቋጠሮውን አዩት። ጎንበስ ብለው ጠበቅ ማለቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ንብረት ቢሆን አላሳልፍም ነበር» አሉ፣ «ቁራኛ ግን ወደ ዳኛ ሲሄድ መንገድ አይዘጋበትም።» በሩን ወለል አደረጉልን። ዞሬ ሳይ መዝገባቸው ላይ ይጽፋሉ፤ «አንድ ተከሳሽ፣ ከነኪቦርዱ፣ ወጥቷል።»

ጋሪ ያዝን። ፈረሱ ክስት ያለ ነው፤ ባለ ጋሪው ግን ነገሩን ሲሰማ አለንጋውን አላሳረፈም። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ፣ ገበያተኛው፣ እረኛው፣ «ምን አድርጎ ነው?» ይለናል።

«መሬት ቀምቶኝ» ይላሉ እትዬ አልጣሽ፣ ስክሪኑን እንዳቀፉ።

«አይ ጊዜ!» እያሉ ያልፋሉ። አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም ስክሪኑን ትክ ብለው አይተው «ፊቱም ደስ አይል» አሉ።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ ለስምንት ሰዓት አምስት ጉዳይ ነው። የችሎቱ አዳራሽ ሞልቷል። ዳኛዋ ምሕረት የምትባል ቀጭን፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ዘሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ጋቢው አዲስ፣ ባርኔጣው አዲስ፤ መሬቱን እንደ ወሰደ ሰው ነው አቀማመጡ። የእትዬ አልጣሽ ስም ተጠራ።

«ማስረጃው ቀርቧል?» አለች ዳኛዋ።

«ቀርቧል እመቤቴ። እዚህ ሆድ ውስጥ ነው። ለእኔ አልናገር ብሎኛል፣ ለአንቱ ይናገር።»

አዳራሹ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም፤ እኔን አየችኝ። በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፤ ጀነሬተሩን፣ ሊትሯን፣ ጭፍራውን፣ ግምገማውን። ስጨርስ ግንባሯን በእስክሪብቶ እየነካካች «እዚህ መብራት አለ» አለች። «ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ስድሳ ሁለት፣ ክብርት ዳኛ።»

«ይነሣ።»

ከፖሊሱ ጠረጴዛ አጠገብ ሶኬት ተገኘ። ስክሪኑን ለሁሉም እንዲታይ አዞርኩት። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ቢራቢሮዋ መጣች። ይኸ ሁሉ ባለጉዳይ፣ ስንቱ በደም፣ ስንቱ በድንበር የመጣ፣ ትንፋሹን ውጦ ያያታል። ልታርፍ ስትል ትዞራለች፣ ልታርፍ ስትል ትዞራለች። ስታርፍ ከኋላ ያሉ አንድ ሽማግሌ «ተመስገን» አሉ።

ቀጥሎ ቴዎድሮስ ተናገረ። «የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ ጊዜ ወርቅ ነው» ብሎ ጀመረ። እትዬ አልጣሽ አብረውት ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ቃል አይስቱም። እሱ በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ሳለ በሩ ተበርግዶ ቴዎድሮስ ራሱ ገባ። በቢሮው ሞተር ሳይክል ነው የመጣው፣ አቧራ ብቻ ሆኗል።

«ክብርት ዳኛ፣ ይኸ ከሥርዓት ውጭ...»

«ዝም በል!» አለው ፖሊሱ። «ሰውዬው እየተናገረ አይደለም እንዴ? አስጨርሰው!»

ቆመ። ራሱን አዳመጠ። ከቆመበት ቦታ ሰው ስለከበበው መውጣትም አልቻለ። በስምንተኛው ደቂቃ ሰዓቱን አየ። በአሥረኛው አንዱን እግሩን አሳርፎ በሌላው ቆመ። በአሥራ አንደኛው፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ አጠገቡ ያለውን ሰው «አያልቅም እንዴ?» አለው። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

መብትና ግዴታውም ተገለጠ፣ አለቀ። ፎቶዎቹ ጀመሩ። እኔ ልማድ ሆኖብኝ ጀርባዬን ሰጠሁ። ሰው ግን ያያል። «ያቺ የእነ እገሌ ላም አይደለችም?» ይላል አንዱ። «ያ ቀብራራ መልካሙ ነው፣ ካሜራውን ለማን ሰጥቶ ነው የገባበት?» ይላል ሌላው። ችሎት መሆኑ ተረስቶ የመንደር ወሬ ሆነ፤ ዳኛዋም አልከለከለችም። አሥር ፎቶ አለፈ፣ ሃያ አለፈ።

ድንገት ወሬው ተቋረጠ። «ውይ!» የሚል የእትዬ አልጣሽ ድምፅ ሰማሁ። ዞር አልኩ።

አቶ ይርሳው ስክሪኑ ላይ ቆመዋል። ዳጉሳ መሐል ናቸው፤ ዳጉሳው ወገባቸው ድረስ ነው። ጥርሳቸው ሁሉ እየታየ ይስቃሉ። በእጃቸው የያዙት የእንጨት ሰሌዳ «ሞዴል አርሶ አደር ይርሳው፣ የወንዝ ዳር ማሳ፣ ሦስት ቃዳ» ይላል። ወንዙም ከኋላቸው ይታያል። አጠገባቸው ዘሩ ነው፤ እጁን የወንድሙ ትከሻ ላይ ጥሎ እሱም ይስቃል።

ዘሩ ከመቀመጫው ተነሣ። አዲሱን ባርኔጣ አወለቀ። ማንም አልጠየቀውም።

«ይርሳው» አለ። እንደ መጥራት ነው ያለው። ከዚያ ወደ ዳኛዋ ዞረ፦ «ያቺን ሰሌዳ ምስማር የመታሁላት እኔ ነኝ። መሬቱ የእሱ ነው ክብርት ዳኛ። የልጆቹ ነው። አፈር ልብላ፣ አፈር ልብላ እኔ።»

ዳኛዋ ቃሉን አስመዘገበች። የወንዝ ዳሩ ሦስት ቃዳ የእትዬ አልጣሽና የልጆቻቸው መሆኑን ተናገረች፤ ቀጥላም ፈገግ ሳትል «ቁራኛውም ይፈታ» አለች። አዳራሹ ተንጫጫ። እኔ እልል አልኩ፤ ፖሊሱ ተቆጣኝ፣ ደገምኩት። ቋጠሮውን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ እትዬ አልጣሽ እጃቸውን አላንቀሳቀሱም።

ፍርዱንም የሰሙ አይመስለኝም። ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ አሁን የዶሮ ቤት ነው ያለው።

«የት ሄደ?» አሉኝ።

«አለፈ እትዬ። እያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ነው የሚቆይ።»

«ቤታችን ፎቶ የለም» አሉ። «ከሞተ ጀምሮ አላየሁትም። ፊቱ እየጠፋኝ ነበር።» የዶሮ ቤቱን ትንሽ አዩትና ክንዴን ያዙኝ። «ምነው እታለም፣ ምነው ይኽን ያህል ቸኮለ?»

ለምን ዘገየ ሲሉኝ የምሰጠው መልስ ነበረኝ። ለዚህ ግን ዳኛዋን አየኋት። ዳኛዋ የሚቀጥለውን መዝገብ ዘጋ አድርጋ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አዞረች። ዘሩ መጥቶ ከእትዬ አልጣሽ ጎን፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። አጠፋሁትና እንደገና አስነሣሁት። አቶ ይርሳው እስኪመጡ ሠላሳ ሦስት ደቂቃ ቁጭ ብለን ጠበቅን።